ሚኒሞ ላይ አልረጋ ያለ ዲፎርዲ፤ እውነት ቦክሱ ነው የተቃጠለው?

ዶልፊን ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር ነኝ። ሃይኤስ ዶልፊን አለችኝ፤ ሞተሯ 2.5 ዲፎርዲ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር። ጎንደር መስመር ነው የምሠራው። መኪናዋ አመል ካወጣች ሁለት ሳምንቷ ነው።

ጠዋት ስትነሳ ምንም አትል። ሞቅ ሲላት ግን ሚኒሞዋ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ የምትዞረው ዙር፣ አልረጋ ይላል። የዙር ቆጣሪው 650 ይወርዳል፣ 900 ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። ባለፈው ሐሙስ አዲሱ የአባይ ድልድይ ጋ ስደርስ ከፊቴ ባጃጅ ቀጥ አለ። ነዳጁን ለቀቅ፣ ፍሪሲዮን ረገጥ ሳደርግ ጭጭ አለች። ሞተሪኖ ስመታ ወዲያው ተነሳች። ተሳፋሪው ግን "ይቺ መኪና ጎንደር ታደርሰናለች?" ማለት ጀመረ። አንዲት እናት አማተቡ። ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ያለው ዳገት ላይ ደግሞ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች፣ ጉልበትም አጠራት። አጥፍቼ ሳስነሳት ተመለሰላት።

ጋራዥ ወሰድኳት። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ልጁ ስካነር ሰካ፣ አንድ ነገር አነበበና "ቦክሱ ተቃጥሏል" አለኝ። የሞተሩን ኮምፒውተር ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ለመግጠም 95 ሺህ ብር። "ምን አነበብክ?" ስለው ስክሪኑን አጠፋው። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እሱ ደግሞ "ሚኒሞውን ከፍ እናድርግና ተገላገል" ብሎ ካቻቢቴ ይዞ ገባ። ሩብ ሰዓት ብሎን ሲፈልግ ቆይቶ ባዶ እጁን ወጣ።

እናንተ ምን ትላላችሁ? 95 ሺህ ብር ከኪሴ የለም። ቢኖርም እንዲህ በዋዛ አላወጣውም።

ፖምፓ ይሻላል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡32

ባለ ድሮው ሞተር 5ኤል ሃይኤሴን ሽጥ ሽጥ የሚሉኝ ሰዎች ይህን ያንብቡ። የኔ ሚኒሞ ቢወርድ አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ይዤ ኮፈን ከፍቼ አስተካክላለሁ። ቡናው ሳይፈላ እጨርሳለሁ። የናንተው ግን ሐኪም፣ ላቦራቶሪ፣ ሪፈር።

ወረታ መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሪፈሩም አዲስ አበባ ነው 😂

ወንድም፣ ድልድዩ ላይ ከኋላህ የነበርኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ክላክስ ያደረግሁት ለባጃጁ ነው፣ እንዳትቀየመኝ።

የሽምብጥ መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ወንድሜ፣ ቦክስ እንዳትገዛ። "ቦክሱ ተቃጥሏል" የተባለ ብዙ መኪና መጥቶልኝ ያውቃል። የምር ተቃጥሎ ያገኘሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከነሱም የሚበዙትን የገደላቸው ውሃ ነው። ላቫጆ ሄዶ ሞተሩን በግፊት ውሃ ማሳጠብ የሚወድ ሰው ካለ ይስማኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይልኝ። መወዛወዝ ሌላ ነው፣ መንቀጥቀጥ ሌላ ነው። የቆጣሪው ቀስት ላይ ታች ካለ ያ መወዛወዝ ነው። አራቱም ሲሊንደር አብረው ይጠግባሉ፣ አብረው ይራባሉ። ስለዚህ ችግሩን አራቱ በጋራ የሚበሉበት ገበታ ላይ ትፈልጋለህ፤ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ የነዳጁ ግፊት። ቀስቱ ቆሞ መኪናዋ ግን "ድግ ድግ ድግ ዱ፣ ድግ ድግ ድግ ዱ" እያለች የምታነክስ ከሆነ ያ መንቀጥቀጥ ነው። ከአራቱ አንዱ ድርሻውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ፍለጋው ናፍጣ ወደሚረጨው አንዱ ኖዝል ወይም ወደ አንዱ ሲሊንደር ይሄዳል።

ብዙ ጋራዥ ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሚሠራው። ተሳስቶ የተገዛ ዕቃ የሚበዛውም በዚህ ነው።

የሚኒሞ ብሎኑን ደግሞ ልጁ ባያገኘው አይፈረድበትም። ጭራሽ የለም። ሚኒሞው የሚወሰነው ቦክሱ ውስጥ ነው።

ዶልፊን ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡28

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የኔ መወዛወዝ ነው፣ ቀስቱ ይሄዳል። ግን ልብ ብዬ ሳየው አንዳንዴ ቀስቱ ቆሞም መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል?

የሽምብጥ መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ይችላል። ሰውም ወባና ጥርስ አንድ ላይ ሊያመው ይችላል። የሚያስጨንቅህን አስቀድም። በል አሁን ተኛ።

የፖሊ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እንዴት አደራችሁ። ጋሼ የጀመሩትን ላስፋው፤ ቦክሱ ሚኒሞውን እንዴት እንደሚይዝ ካወቅን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማወቅ ይቀላል።

ዶልፊን ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ትዞራለች እንበል። አራት ሲሊንደር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። ስለዚህ በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። በአንዱ ተኩስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ዓይንህን አንዴ እስክታርገበግብ ቢያንስ ሁለት ሲሊንደር ሥራውን ጨርሷል።

ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንኩ ጋ ጥርስ ያላት ክብ ሰሌዳ አለች። ቦታዋ ለ36 ጥርስ ነው፤ ሁለቱ ሆን ተብሎ ስለተተዉ 34 ናቸው። ከጎኗ ያለው ሴንሰር እያንዳንዱን ጥርስ ሲያልፍ ይቆጥራል። የጎደሉት ሁለቱ ሲደርሱ ክራንኩ የት እንዳለ ይታወቃል። ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካሙ ሴንሰር ጋር ሲደመር የማን ተራ እንደሆነም ይለያል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ክራንክ እኩል አይዞርም። ሲሊንደሩ ሲተኩስ ይፈጥናል፣ ቀጣዩ አየሩን ሲጨምቅ ይዘገያል። ቦክሱ ይህችን መፍጠንና መዘግየት ለአራቱም ለየብቻ ይለካል። ሦስተኛው ሲተኩስ ክራንኩ ከሌሎቹ ያነሰ ከፈጠነ "ይሄኛው ደክሟል" ይልና በሚቀጥለው ተራው ለእሱ ብቻ ትንሽ ናፍጣ ይጨምራል። ከበረታው ላይ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል። እኛ የምናየው ውጤቱን ነው፤ ጸጥ ያለ ሚኒሞ።

"ትንሽ" ስል ምን ያህል? ሚኒሞ ላይ ለአንድ ተኩስ የሚረጨው ናፍጣ ራሱ አንድ የውሃ ጠብታ አይሞላም። ጠብታዋን ለሰባት ለስምንት ብትካፈሏት አንዱ ድርሻ ነው የሚሆነው። ቦክሱ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ከዚያች ድርሻ ላይ ነው። ከዋናው በፊት ደግሞ ከሷም ያነሰች ቅድመ ርጭት አለች። የድሮው ናፍጣ "ቃ ቃ ቃ" የሚለው ድምፅ የቀነሰው በሷ ነው።

ፖምፓ ይሻላል | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጽሑፍህ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን የኔም ፖምፓ ይህን ይሠራል። ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከሩ ክብደቶችና ሞላ አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ነዳጅ ይቀንሳል። ሲዘገይ ሞላው ይመልሳቸዋል፣ ነዳጅ ይጨምራል። ሴንሰር የለ፣ ሽቦ የለ። ውሃ ቢገባ አይቃጠል።

የፖሊ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡34

እውነት ነው፣ እኔም ያንን ፖምፓ አከብረዋለሁ። በብረት የተሠራ ሒሳብ ነው። ግን አንድ ነገር አይችልም። አራቱን ለይቶ አያውቃቸውም። አንዱ ኖዝል ሲያረጅ ክብደቶቹ የሚያዩት የሞተሩን ጠቅላላ ፍጥነት ብቻ ስለሆነ ለአራቱም እኩል ይጨምራሉ። የደከመው እንደደከመ፣ የበረታው እንደጠገበ ይቀጥላል። መኪናው ያነክሳል። ነገር ግን አየህ፣ ማነከሱ ለአንተ ይነግርሃል። በቶሎ ትሰማዋለህ።

ዲፎርዲ ላይ ቦክሱ ይሸፍንለታል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት። የምትሰማው መሸፈን ሲያቅተው ነው። እንደኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ቦክሱን የምንከሰው ችሎ ችሎ አልቻልኩም ባለ ዕለት ነው።

ወረታ መስመር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡41

እንደ ቤት ትልቅ ልጅ በለዋ። የሁሉንም ጣጣ ይዞ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሲቆጣ "ምን ነካው?" ይባላል።

የዘጌዋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

እኔ መኪና የለኝም፤ ቤተሰቤ ጀልባ አለው፣ ከባህር ዳር ዘጌ ሰው እናመላልሳለን። ሞተሩ ናፍጣ ነው። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ሲወዛወዝብን ከረመ። ወንድሜ ስንቱን ፈታታ። በመጨረሻ የተገኘው በርሜሉ ውስጥ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ አጠራቅመን በርሜል ውስጥ እናስቀምጥ ነበር፣ በርሜሉ ግን ሁሌ ግማሽ ነው። ሌሊት ሐይቁ ዳር ይቀዘቅዛል። ባዶው የበርሜል ግድግዳ ከውስጥ ያልበዋል። ያ ሁሉ ላብ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ስር ይተኛል። እኛ ደግሞ የምንቀዳው በቱቦ ከስር ነው!

ወንድም ዶልፊን፣ በዚህ የነዳጅ ችግር ሰሞን ከጀሪካን አልቀዳህም? እውነቱን ተናገር።

ዶልፊን ነኝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

እህቴ፣ ምን ደበቅሽኝ። ሦስት ጊዜ ከጀሪካን ቀድቻለሁ። ተሰልፌ ሁለት ቀን ስላቃጠልኩ ነው። ሰውየው "ንጹሕ ነው" ብሎ ማለልኝ።

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

የጋራዥና የሰው ስም የጠቀሱ ሁለት መልሶች አንስቻለሁ። ቅሬታችሁን ጻፉ፣ ስም ግን ይቅር። ጨዋታው ይቀጥል።

የሽምብጥ መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሥራ ላይ ሆኜ ነው የዘገየሁት። የዘጌዋ ልጅ ቦታውን መትታዋለች።

የዲፎርዲ ፖምፓ ላይ በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ትንሽ ቫልቭ አለች። እኛ "ኤስሲቪ" ነው የምንላት። ፖምፓው ከታንኩ ምን ያህል ነዳጅ እንዲስብ የምትወስን በር ናት። ፖምፓው የሳበውን ጨምቆ አራቱ ኖዝሎች በጋራ ወደሚበሉበት ወፍራም ቧንቧ ይልካል። ቧንቧው ጫፍ ላይ የግፊት ሴንሰር አለ። ቦክሱ "ይህን ያህል ግፊት እፈልጋለሁ" ይላል፣ ሴንሰሩ "ይህን ያህል አለ" ይላል፣ ቫልቯ በመካከል ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው።

የፖምፓውም የቫልቯም ዘይት ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃ ሲገባ ያዝገዋል። ላምባ የተደባለቀ ሲሆን ልስላሴው ይጠፋል። ያኔ ቫልቯ መያዝ ትጀምራለች። ቦክሱ ዝጊ ሲላት ትዘገያለች፤ ግፊቱ ያልፋል። ክፈቺ ሲላትም ትዘገያለች፤ ግፊቱ ይወርዳል። መወዛወዙ ይህ ነው። ቦክሱ ትክክል እያዘዘ ነው፣ የሚታዘዝለት ነው ያጣው።

ድልድዩ ላይ ለምን እንደጠፋችብህም በዚሁ ይገባሃል። እየሄድክ ነዳጁን ስትለቅ ቦክሱ ርጭቱን ይቆርጠዋል፤ መኪናዋ በራሷ ግፊት ስለምትሄድ ናፍጣ አያስፈልጋትም። ዙሩ ወደ ሚኒሞ ሲጠጋ መልሶ መስጠት አለበት። በዚያች ቅጽበት ቧንቧው ውስጥ በቂ ግፊት ካልጠበቀው መያዣ የለውም። ጭጭ።

አሁን የምታደርገው። ነገ ከማስነሳትህ በፊት ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርገህ በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበል። ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ። ቀጥሎ ስካነር ያለው ሰው ፈልግና "የተፈለገ ግፊት" እና "ያለ ግፊት" የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስነብብ። ስካነሩ የሚያወጣውን የጥፋት ኮድም በወረቀት ጻፍ። ስክሪን የሚያጠፋ ሰው ጋ አትሂድ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ሁሉም ያንብብ። ድሮ የደከመውን ሲሊንደር የምንለየው ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ ዳዶ ላላ በማድረግ ነበር። ላላ ስታደርገው ድምፁ ካልተቀየረ ሰነፉ እሱ ነው። ዲፎርዲ ላይ ይህን እንዳትሞክሩ! የጎማችሁ ነፋስ 3 ወይም 4 ባር ነው። እዚህ ቱቦ ውስጥ ሚኒሞ ላይ እንኳን 300 ባር ያልፋል፤ ስትጫን እስከ 1600 ይደርሳል። በቀጭን ቀዳዳ የወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ትመስላለች፣ እጅ ግን ሊያስቆርጥ ይችላል። ማፍሰስ አለማፍሰሱን በጣት አትዳስሱ። ወደ ኖዝሎቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክም ከባትሪው 12 ቮልት ብዙ እጥፍ ነው።

ፖምፓ ይሻላል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

ይህን አላውቅም ነበር። የጎረቤቴ ሃይሉክስ ላይ ባለፈው ወር ላላ ላደርግ ነበር። ቁልፍ 17 ስላጣሁ ነው የተረፍኩት።

ዶልፊን ነኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ፎቶው ይኸው። ጠርሙሱን መስኮት ላይ አቁሜ ነው ያነሳሁት። ከላይ ያለው ቢጫ ናፍጣ ነው። ከስር ሁለት ጣት ያህል ውሃ አለ። በሁለቱ መካከል እንደ ሻይ ቅጠል ያለ ቡናማ ነገር ይንሳፈፋል። ጠርሙሱን ስነቀንቀው ተደባልቆ ወተት መሰለ፤ ቁርስ በልቼ ስመለስ ተመልሶ ለሁለት ተከፍሏል።

ሰውየው "ንጹሕ ነው" ብሎ እኮ ምሏል።

የዘጌዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡22

አልዋሸም፤ ውሃው ንጹሕ ነው 🙈

ዶልፊን ነኝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡40

ፖሊ አካባቢ ስካነር ያለው ልጅ አገኘሁ። ጎበዝ ነው፣ ወንበር ሰጥቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ኮዱ ፒ1229 ነው። የፖምፓ ጉዳይ ነው አለኝ። ስለ ቦክስ የሚያወራ ኮድ አንድም የለም!

ሁለቱን ግፊት ጎን ለጎን አየኋቸው። የተፈለገው ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያለው ግን አንዴ ይበልጠዋል፣ አንዴ ያንሰዋል። የቆጣሪው ቀስት ከኋላው ይከተለዋል። ጋሼ ያሉት ቁጭ አለ። ተቀምጬ ሳየው ማመን አቃተኝ፣ 95 ሺህ ብር!

የፖሊ ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡05

ፒ1229 በቶዮታ አነጋገር ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከታዘዘው በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ቦክሱ እንዲህ ሲያይ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንሳል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ላይ ያጋጠመህ ይኸው ነው።

ወደ ታሪክ ትንሽ ልውጣ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ የጋራ ቧንቧ ነገር ዘመኑ ሩቅ አይደለም። የጃፓኑ ዴንሶ በጭነት መኪና ላይ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በቤት መኪና ላይ የመጣው በ1997 አልፋ ሮሜዮ 156 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግፊት የሚፈጠረው በእያንዳንዱ ተኩስ ከፖምፓው ጋር ነበር፤ ሞተሩ ሲዘገይ ግፊቱም ይደክማል። አሁን ግፊቱ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ቦክሱ መቼና ስንት እንደሚረጭ ብቻ ይወስናል። ለዚህ ነው ሚኒሞ ላይ ያን ያህል ጥቃቅን ሥራ መሥራት የቻለው።

ለኛ ለደጋዎቹ ሌላም ጥቅም አለው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከወደብ ከተማ በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። የድሮ ፖምፓ ጅቡቲም ባህር ዳርም ያው የተሞላለትን ይሰጣል፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቦክሱ ግን አየሩን ለክቶ ናፍጣውን ይመጥናል።

ፖምፓ ይሻላል | ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡12

ስለ ጭስ እንኳን አታንሳብኝ።

የሽምብጥ መካኒክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

በል እንግዲህ። ታንኩ ይውረድ፣ ይታጠብ። ፊልትሮ ይቀየር። ቫልቯን አዲስ ግዛ፤ የተፈታታ ዕቃ አትግዛ። ቤንዚን ነክሮ ማጠብ የሚሞክሩ አሉ። ሳምንት ትሠራና መልሳ ትይዛለች። ፖምፓውን ሙሉውን ቀይር የሚልህም ይኖራል፤ መጀመሪያ ቫልቯን ሞክር። ከተቀየረች በኋላ በስካነር የፖምፓውን ትምህርት አስጀምርለት። ቦክሱ የድሮዋን ቫልቭ አመል ለምዷል፣ አዲሷን እንዲያውቃት ነው።

ዶልፊን ነኝ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ተሠራች። መወዛወዙ ጠፋ። ቀስቱ 750 ላይ ተቸንክሯል። መብራት አበራሁ፣ ኤሲ ከፈትኩ፤ አንዴ ዝቅ ብሎ ቦታው ተመለሰ። ትናንት ጎንደር ደርሼ መጣሁ፣ አንዴም አልጠፋችብኝ።

ግን መስቀሉ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ነው፣ ተሳፋሪ አያውቀውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የስካነሩ ልጅ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ቦክሱ ለአራቱ ኖዝል የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማካካሻ አነበበልኝ፦

አንደኛ ከዜሮ በታች 1.2
ሁለተኛ ከዜሮ በታች 0.9
ሦስተኛ ከዜሮ በላይ 3.9
አራተኛ ከዜሮ በታች 1.6

የሽምብጥ መካኒክ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡10

ይኸው፣ የጥርስ ሕመሙ መጣ። ሦስተኛው ላይ ቦክሱ ወደ አራት የሚጠጋ እየጨመረ ነው፤ ከሌሎቹ ሦስቱ እየቀነሰ። እኔ 3 ካለፈ እጠረጥራለሁ። ያንን ኖዝል ማን ነው የነካው?

ዶልፊን ነኝ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡18

እንዴት አወቁ? አምና ተቀይሯል። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሌሎቹ ሦስቱ ከመኪናዋ ጋር የመጡ ናቸው።

የሽምብጥ መካኒክ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡21

ሲቀየር ኮዱ ገብቷል?

ዶልፊን ነኝ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡22

የምን ኮድ?

የሽምብጥ መካኒክ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡22

😐

የፖሊ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡40

ጋሼ ዝም ስላሉ እኔ ልንገርህ። በዓለም ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ኖዝል የለም። ፋብሪካው ቀዳዳዋን የቱንም ያህል አጥርቶ ቢሠራ አንዱ በጣም ጥቂት ይበልጣል፣ አንዱ ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ይፈትኑትና የሚጎድለውንና የሚተርፈውን በኮድ አድርገው ራሱ ላይ ይጽፉበታል፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው። ኮዱ ቦክሱ ውስጥ ሲገባ ቦክሱ ኖዝሉን በስሙ ያውቀዋል። ካልገባ አምና የወጣው ኖዝል አሁንም ያለ ይመስለዋል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ እየጻፈ ነው ማለት ነው።

ሚኒሞ ላይ ያቺ 3.9 የተጠራቀመችው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሲሊንደሩ ራሱ ጭመቃ ካጣም እንዲሁ ያሳያል። ርካሹን መጀመሪያ ሞክር። ኮዱን አስገባ።

የሽምብጥ መካኒክ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡05

ተረጋግቼ መጣሁ። የፖሊ ልጅ ያለው ልክ ነው። ኮዱን ስታነብ በስልክ ፎቶ አንሳው፣ አጉላና አንብብ። ስምንትን ቢ፣ ዜሮን ዲ ብሎ ያስገባ አጋጥሞኛል። ኮዱ ገብቶ ካልወረደ ሦስተኛውን ኖዝል ከሁለተኛው ጋር አለዋውጠን፣ ኮዳቸውንም አለዋውጠን እናያለን። ቁጥሩ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ኖዝሉ ነው። ሲሊንደሩ ጋ ከቀረ ሞተሩ ነው፣ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን። ኖዝል በወጣ ቁጥር የመዳብ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። አሮጌውን መልሰህ ካሰርክ የተቃጠለው ጋዝ በስሩ ያፈሳል፣ ጥቀርሻው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶ የዘይቱን መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ያ የገደለውን ሞተር አይቻለሁ።

ዶልፊን ነኝ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ገባ። ልጁ ፊደሎቹን እየጠራ፣ እኔ ከፎቶው እያረጋገጥኩ፣ ሁለቴ አነበብነው። ከዚያ ሞቃ እስክትረጋ ጠበቅን። ሦስተኛው ከ3.9 ወደ 1.3 ወረደ። ሌሎቹም ወደ ዜሮ ተጠጉ።

መስቀሉ ቆሟል። ሞተር እየሠራ ዝም ብዬ አይቼው ቆየሁ። የስካነሩ ልጅ "ምን ሆንክ?" አለኝ።

ሒሳቡ፦ ቫልቭ፣ ፊልትሮ፣ የታንክ ማጠቢያና የስካነር፤ ተደምሮ ከ95 ሺው ሩቡን አልደረሰም። ከጀሪካን መቅዳት ግን ከእንግዲህ አይለመደኝም። ካልቀረልኝ እንኳን ሌሊት አሳድሬ፣ ከላዩ ብቻ ነው የምቀዳው።

የዘጌዋ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡41

ከላዩ ስትቀዳ ስሩ ላይ የቀረውን እንዳትሸጥብን ብቻ።

ፖምፓ ይሻላል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ። ልጄ ያገለገለ ዲፎርዲ ሃይሉክስ ሊገዛ ነው። ሻጩ "ሚኒሞዋ እንደ ሰዓት ነው" ይላል፤ እውነትም ጸጥ ብላ ነው የምትሠራው። ግን ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ጸጥታዋ አስፈራኝ። ጋሼ ሽምብጥ፣ ቢያዩልን?

የሽምብጥ መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡18

በደስታ። ጸጥታዋን ተዋት፣ አራቱን ቁጥሮች እናያለን። ኮዶቹንም ከኖዝሎቹ ጋር እናመሳክራለን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አምጣት። ግን ቀዝቅዛ ትምጣ፤ ስትነሳ ማየት እፈልጋለሁ። የሞቀች መኪና አልቀበልም።

ፖምፓ ይሻላል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡23

ሳላስነሳት እንዴት አድርጌ ነው የማመጣት ጋሼ? በአህያ?

የሽምብጥ መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

በል እኔ እመጣለሁ። ቡና ይፈላ ብቻ።